ዳቦውን ከመተዋችሁ በፊት

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 5 ለሰፈሩ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ዓመታት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ አገር ደመወዙም የቤት ኪራዩም በእሱ ስለሚቆጠር ማንም አይቸገርም ብዬ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው። አሁኑኑ ልናገረውና የቀረውን ጊዜ እሱን ሳስረዳ ልዋል። ዳቦ አይስማማኝም፣ ግሉተን ነው የሚያመኝ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ዳቦውን ከመተዋችሁ በፊት ተመርመሩ። ትታችሁ ወራት ከቆያችሁ በኋላ የሚደረግ የደም ምርመራ ሊያታልላችሁ ይችላል።

በዚህ ሰፈር ነገሩ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ሰው ምሳ በበላ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ይጮህበታል፣ አንዳንዴ ያስቀምጠዋል። ጎረቤት ‹‹ጨጓራ ነው›› ይላል፤ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ይገዛል። አልሻለው ሲል ፓሪስ ወይም ቶሮንቶ ያለች እህት ትደውልና ‹‹እኔም እንዳንተው ነበርኩ፤ ግሉተን ነው፣ ተወው›› ትላለች። ባጌቱን ያቆማል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሆዱ ቀለል ይለዋል፤ ወገቡ ላይ ቀበቶው ይሰፋል። ከዚያ በኋላ በየሄደበት ‹‹ግሉተን አይስማማኝም›› ይላል፤ ሐኪም ጋ መሄዱም ይቀራል፤ ድኗላ!

ቀለል ማለቱን አልጠራጠርም። ሆዱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እኔ የምጠይቀው የቀለለው በምን ምክንያት ነው የሚለውን ብቻ ነው። ምክንያቱ ከአራት ከአምስት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ከነሱም አንዱ ዕድሜ ልክ የሚከተል፣ በደንብ ካልተያዘ ደም የሚያሳጣ፣ አጥንት የሚያሳሳ በሽታ ነው።

መጀመሪያ ግሉተን የምንለውን ነገር እንየው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የፉርኖ ዱቄት በውሃ ብቻ ተለውሶ ግማሽ ሰዓት ያረፈ ሊጥ አለ። እርሾም ጨውም አልገባበትም። ውሃ ባለው ሳህን ውስጥ እያሸሁ አጥበዋለሁ። ውሃው እንዴት እንደነጣ ታያላችሁ፤ የሚወጣው ስታርች ነው። እደፋውና ሌላ ውሃ እጨምራለሁ። አሁንም ይነጣል፣ ግን ከፊተኛው ያነሰ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ውሃው ጥርት ብሎ ሲቀር በመዳፌ የተረፈው ይህ ነው፤ ግራጫ ቢጤ፣ ሲስቡት የሚረዝም፣ ሲለቁት የሚሰበሰብ። ግሉተን ይህ ነው። ከፊት የተቀመጣችሁ ንኩት፣ አያስፈራም። ፕሮቲን ነው። እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ ይዞ ባጌቱን የሚነፋው እሱ ነው። ይህንኑ በጤፍ ሊጥ ብሞክረው ከእጄ የሚቀር ነገር የለም፤ ሁሉም ከውሃው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። የጤፍ ሊጥ አየሩን አፍኖ መያዝ አይችልም፤ የእንጀራው ዓይኖች አየሩ ያመለጠባቸው ቀዳዳዎች ናቸው።

ግሉተን ያለው በስንዴ፣ በገብስና ፈረንሳዮቹ ሴግል በሚሉት እህል ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንሰት የላቸውም። አጃ ራሱን ችሎ ብዙውን ሰው አይጎዳም፤ ግን ከስንዴና ከገብስ ጋር በአንድ ማሳ እየበቀለ፣ በአንድ ወፍጮ እየተፈጨ ስለሚመጣ ንጹሕ ካልተባለ አይታመንም።

አሁን ወደ በሽታው። ታሪኩን በአጭሩ የማነሳው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ‹‹ሻለኝ›› እና ‹‹ምክንያቱን አወቅሁ›› ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ ስለማላውቅ ነው። በ1888 ሳሙኤል ጊ የሚባል የለንደን ሐኪም ሆዳቸው ተነፍቶ እጅ እግራቸው ስለሚመነምን፣ ሰገራቸው በዝቶና ቀጥኖ ስለሚወጣ ሕፃናት ጻፈ። ከዳኑም የሚድኑት በምግብ ነው አለ። በየትኛው ምግብ? እሱን አላወቀም። አንዱን ሕፃን ከሆላንድ የመጣ ሙል፣ ያንን የባሕር ዛጎል፣ በየቀኑ አበሉትና እጅግ ተሻለው፤ የዛጎሉ ወቅት ሲያልፍ ግን ልጁ ተመልሶ ታመመ። በ1924 ደግሞ ሲድኒ ሃስ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ሙዝ ማብላት ጀመረ። ልጆቹ ተሻላቸው፤ ሙዝ መድኃኒት ሆኖ ለብዙ ዓመታት ተሰበከ። ሃስ ሙዙን ሲሰጥ ዳቦና የእህል ገንፎም ይከለክል ነበር፤ ልጆቹን ያዳናቸው የተሰጣቸው ሳይሆን የተከለከሉት ነበር። ሐኪሙ የሰጠውን አመሰገነ፤ ልጆቹ ‹‹ድናችኋል›› ተብለው ወደ ዳቦ ሲመለሱ አንጀታቸው እንደገና ተጎዳ።

እውነቱን ያገኘው ቪለም ካረል ዲከ የሚባል ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ዘ ሄግ በሚገኘው በዩሊያና የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ስንዴን ከጦርነቱ በፊት ጠርጥሮት ነበር። ከዚያ የ1944 ክረምት መጣ። ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ ዘግተው ሕዝቡ የአበባ ሥር እስከመብላት ደረሰ፤ ዳቦ ጠፋ። አገር ሲራብ የዲከ በሽተኞች ግን ተሻላቸው። ጦርነቱ አልቆ ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ ይህን በረሃብ ዘመን ትዝብት ብቻ አልተወውም፤ ስንዴን እየሰጠና እየከለከለ፣ የልጆቹን ክብደትና ሰገራ እየለካ አረጋገጠና በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን በዩትሬክት አቀረበ።

ሴሊያክ የምንለው በሽታ ያ ነው። አለርጂ አይደለም፤ መመረዝም አይደለም። የሰውነት መከላከያ ግሉተንን ሲያይ በራሱ ትንሽ አንጀት ላይ ይነሳል። ትንሹ አንጀት ውስጡ እንደ ስጋጃ ፀጉራም ነው፤ ምግብ ወደ ደም የሚገባው በነዚያ ፀጉሮች በኩል ነው። በሽታው ይላጫቸዋል። ሰውየው ይበላል፣ ግን ብረቱ፣ ካልሲየሙ፣ ፎሌቱ ሳይገባለት ይወጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ሴሊያክ ሆዱን እንኳ አያመውም። ክኒን እየወሰደች ደሟ አልሞላም ያለች ሴት፣ ከእኩዮቹ በቁመት የቀረ ልጅ፣ ያለ ምክንያት የሚሰበር አጥንት፣ ክርንና ጉልበት ላይ እያሳከከ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ፣ ተደጋጋሚ ውርጃ፤ እነዚህም መልኮቹ ናቸው። መድኃኒቱ እስካሁን አንድ ነው፤ ግሉተንን ጨርሶ፣ ለዘለዓለም መተው።

በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉ አለበት ይባላል፤ አብዛኛው ሳያውቀው። እኔ ግን እዚህ ጅቡቲ ላይ ቆሜ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሰሐራዊዎቹ ነው። በ1999 የጣሊያን ሐኪሞች በአልጄሪያ በረሃ የሚኖሩ ሰሐራዊ ስደተኛ ሕፃናትን መርምረው ከ100ው ከ5 በላይ በሽታው እንዳለባቸው ጻፉ፤ በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። በግመል ወተትና በሥጋ፣ በቴምር የኖረ የበረሃ ሕዝብ በአንድ ሁለት ትውልድ ውስጥ ዋና ምግቡ የስንዴ ዱቄት ሆነ። ሐኪሞቹ ይህን ለውጥ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ጠረጠሩት። ቁጥሩን ወደዚህ ልገለብጥ አይደለም፤ የዘር ነገርም አለበት። ነገር ግን እዚህም የግመል ወተት አገር ነው፤ እዚህም ዱቄቱ በመርከብ ይመጣል፤ እዚህም ጠዋት ማታ ባጌት ነው። የሶማሌና የአፋር ጎረቤቶቻችሁ ደም ማነሱ አልለቅ ሲላቸው ይህን በሽታ የሚያነሳላቸው ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ሴሊያክ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው የስንዴ አለርጂ ነው። በልቶ ብዙ ሳይቆይ ከንፈር የሚያብጥ፣ ቆዳ የሚያሳብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ እሱ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ስለሆነ ከዛሬው ወሬ ውጭ ነው።

ሦስተኛው፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁን ያመጣው ነው፤ ሴሊያክ የለም፣ አለርጂም የለም፣ ዳቦ ሲበሉ ግን ይታመማሉ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም አንዳንድ ሐኪም ‹‹የአእምሮ ነው›› ብሎ ይሸኛል፤ አንዳንድ የዩቲዩብ ሰባኪ ደግሞ ግሉተን ለሁሉም ሰው መርዝ ነው ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም።

በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግሉተን ያመናል የሚሉ፣ ሴሊያክ ግን የሌለባቸው 37 ሰዎችን ይዘው በ2013 ውጤቱን አሳተሙ። መጀመሪያ አንጀት ውስጥ የሚብላሉ ስኳሮችን ከምግባቸው አወጡላቸው፤ ሁሉም ተሻላቸው። ከዚያ አንዱን ሳምንት ግሉተን የበዛበት፣ አንዱን ጥቂት ያለበት፣ አንዱን ጨርሶ የሌለበት ምግብ ሰጧቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግሯቸው። በሦስቱም ሳምንት ያማቸው ነበር፤ ግሉተኑን ለይቶ ያወቀ ሆድ ከ100 በ8ቱ ብቻ ተገኘ። በ2018 ደግሞ ኦስሎ ላይ 59 ሰዎች ተሞከሩ። እነዚህ ልክ እንደናንተ በራሳቸው ፈቃድ ዳቦ የተዉ ናቸው። በጣዕም የማይለዩ ሦስት ዓይነት የእህል ከረሜላ ተሰጣቸው፤ አንዱ ግሉተን፣ አንዱ ፍሩክታን የሚባል ነገር፣ አንዱ ምንም የሌለበት። ከሁሉም የባሰባቸው በግሉተኑ ሳምንት የሆነው 13ቱን ነው። በፍሩክታኑ 24ቱን። ምንም ባልነበረበት ሳምንት 22ቱን!

ከሁለቱ ጥናቶች የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሆድ ይፈራል። ሊያመኝ ነው ብለን የተቀመጥንበት ማዕድ እውነተኛ ቁርጠት ያመጣል፤ ውሸት ታመሙ ማለቴ አይደለም፣ የአንጀትና የአንጎል ገመድ አንድ ነው። ሁለተኛው ፍሩክታን ነው፤ ይህ ለእኛ ቤት ከግሉተን የበለጠ ወሬ ነው። ፍሩክታን የስኳር ሰንሰለት ነው። ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታልና ጋዝ ይሆናል። ስንዴ ውስጥ አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ግን ከስንዴውም የበዛ አለ። እንግዲህ የእኛን ድስት አስቡት። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ፣ ቁሌቱ ሲበስል ሽንኩርቱ እስኪጠፋ ድረስ ወጥ ውስጥ ይሟሟል። ላዩ ላይ ሽሮ ወይም ምስር ይጨመራል፤ ጥራጥሬም የራሱ የሚብላላ ስኳር አለው። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ይህንን በልቶ፣ ፓስታ ደርቦ፣ ‹‹ግሉተን ገደለኝ›› የሚል ሰው አይቻለሁ። ፓስታውን ሲተው የፍሩክታኑ ሸክም ስለሚቀንስ ይቀልለዋል። ግን የሽንኩርቱን ልክ ዝቅ ቢያደርግ ምናልባት ዳቦውን ሳይተው በቀለለው ነበር።

በዚህ ላይ የሰፈራችን ጉዳዮች አሉ። ጃርዲያ የሚባለው ተባይ ከታንከርና ከበርሜል ውሃ ጋር ይገባል፤ ሆድ ይነፋል፣ ሰገራ ያቀጥናል፣ የሴሊያክን ፀባይ አንድ በአንድ ይኮርጃል፤ በአንድ የሰገራ ምርመራ ላይገኝም ይችላል። የጨጓራ ባክቴሪያውም አለ። ወተት ይስማማው የነበረ ሆድም ከተቅማጥ በሽታ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ወተት እምቢ ይላል። ጫቱም አለ፤ ልጠቅሰው አልወደድኩም ነበር፣ ግን እዚህ አገር ሳይጠቅሱት ስለ ሆድ ማውራት አይቻልም። ከአገር ቤት፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከተማ ከገባ በኋላ ያለውን ከሰዓት አስቡ። ሩዝና ሥጋ በፍጥነት ይበላል፤ ከዚያ መቃሚያው ቤት፣ ማብራዝ ተገብቶ አምስት ስድስት ሰዓት ቁጭ ይባላል፣ ለስላሳ እየተጠጣ። ጫት አንጀትን ያዘገያል፣ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ማታ የነፋው ሆድ ጠዋት የተበላውን ባጌት ይወነጅላል።

እንግዲህ እንዴት እንመርመር? የደም ምርመራው በፈረንሳይኛ ወረቀት ላይ አንቲ ትራንስግሉታሚናዝ ኢጋ ተብሎ ይጻፋል። ከሱ ጋር ጠቅላላ ኢጋ ይታዘዝላችሁ በሉ፤ አንዳንድ ሰው ኢጋ የሚባለው ፀረ አካል ከተፈጥሮው ስለሚያንሰው ሁለተኛው ካልተለካ የመጀመሪያው ባዶ ወጥቶ ያሳስታል። ውጤቱ ከፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት መግቢያ ቁራጭ ተወስዶ ይታያል። ላቦራቶሪው ናሙናውን ወደ ውጭ የሚልክ ከሆነ ምን ያህል ቀን እንደሚወስድና ስንት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዳቦውን ከመተዋችሁ በፊት ያልኩት ለዚህ ነው፤ ምርመራው የሚፈልገው ፀረ አካል የሚኖረው ግሉተኑ እስካለ ነው። ሰውየው ዳቦ ከተወ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይጠፋል፤ አንጀቱም ይድናል። ያኔ ቢመረመር ‹‹የለብህም›› ይባላል፤ ‹‹እሺ የለብኝም›› ብሎ ነገ ወደ ዳቦው ይመለሳል፣ ወይም እየሾለከ ባጌት እየቀመሰ፣ ቢራ እየጠጣ ይኖራል። ሴሊያክ ከሆነ አንጀቱን ውስጥ ውስጡን ይበላበታል። ቀድማችሁ የተዋችሁ ካላችሁ፣ መንገዱ አስቸጋሪ ቢሆንም አለ። በሐኪም ምክር ወደ ዳቦ ተመልሶ በየቀኑ ሁለት ቁራሽ ያህል ከ6 እስከ 8 ሳምንት በልቶ መመርመር ነው። ይህን አልችልም የሚል ሰው የዘር ምርመራ አለለት፤ ምግብ አይለውጠውም። ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 የሚባሉት ጂኖች ሁለቱም ከሌሉባችሁ ሴሊያክ የለባችሁም ማለት ይቻላል። ካለባችሁ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ ጂኑን ይዘው ዳቦ እየበሉ በጤና የሚያረጁ እጅግ ብዙ ናቸው። በኢንተርኔት ጣትን ወግቶ ለ200 ምግብ ‹‹አለመስማማት›› የሚለካ ዕቃ የሚሸጡላችሁን አትስሙ። ያ ገንዘብ ዓሣ ይግዛ።

አሁን ተመርምሮ ሴሊያክ የተባለ ሰው በካርቲየ 5 እንዴት ይኑር? ከፓሪስ ይልቅ እዚህ ይቀላል ብል አታምኑኝም፣ ግን ይቀላል። ሆላንዶች ዲከን ካፈሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ጤፍን አገኙት። በ2005 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዘሮችን መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን እንደሌለባቸው በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አወጡ። አያቶቻችን የሚበሉት ነገር በአንድ ጊዜ የአውሮፓ የጤና ምግብ ሆነ። ገበያው ቀድሞ አሽትቶት ነበር፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቦ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ኢትዮጵያ ከኩባንያው ጋር የተፈራረመችው የጥቅም መጋራት ውል ብዙም ሳያስገኝላት ኩባንያው ከሰረ። የፓተንቱን ጉዳይ የዘጋው ፍርድ ቤት ነው፤ በኅዳር 2018 የዘ ሄግ ፍርድ ቤት ሆላንድ ውስጥ ያለውን ፓተንት ዋጋ የለውም አለ። ዳቦን የከሰሰው ሐኪም በሠራባት ከተማ፣ ጤፍን ነጻ ያወጣው ውሳኔም እዚያው ተሰጠ።

ይህ ሁሉ ግን ጤፍ፣ ጤፍ ብቻ ሲሆን ነው። እዚህ ሰፈር የሚሸጠው እንጀራ ከአገር ቤት ተጋግሮ የሚመጣም አለ፣ እዚሁ የሚጋገርም። ጤፍ ውድ ነው፤ ስለዚህ ይደባለቃል። አንዲት ደንበኛ ስትጠይቅ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ።

‹‹እትዬ፣ እንጀራው ጤፍ ነው?››

‹‹ጤፍ ነው እንጂ ልጄ፣ ምን ሊሆን ኖሯል!››

‹‹ሩዝ አለው?››

‹‹ትንሽ፤ እንዲነጣ።››

‹‹ፉርኖስ?››

‹‹እሱማ ጣል ይደረግበታል፤ አለዚያ መች ይሳብልሻል።››

ሴትየዋ አልዋሹም። ጤፍ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ እውነተኛውን መልስ ነው የሰጡት። ጥያቄያችሁ ስለዚህ ‹‹ፉርኖ ወይም ገብስ ገብቶበታል?›› ይሁን፤ ለሚያመው ሰው መሆኑንም ንገሩ። ሩዝ፣ ማሽላ፣ በቆሎ ቢቀላቀል ግድ የለም። እርሾው ከምን ሊጥ እንደተቀመጠ፣ አምባሻና ቂጣ በዚያው ምጣድ ይጋገር እንደሆነ ጠይቁ። የምትችሉ ደግሞ ጤፉን ለቅማችሁ፣ ወፍጮ ቤቱ ስንዴ ፈጭቶ ሳይጠረግ እንዳይቀበላችሁ ተጠንቅቃችሁ፣ ቤታችሁ አቡኩት። ሙቀቱ ለአንድ ነገር ጥሩ ነው፤ ቡሆው እዚህ ሦስት ቀን አይጠብቅም።

ላሖሕ ከእንጀራ ጋር ስለሚመሳሰል ያታልላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የስንዴ ዱቄት አለበት። ሳምቡሳ ቆዳው ስንዴ ነው፤ ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንችም ለሴሊያክ አይሆንም። በሶ፣ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ የገብስ አጥሚት፣ ጠላ፣ ቢራ ሁሉም ይቀራሉ፤ ጠጅ ማርና ጌሾ ብቻ ከሆነ ይጠጣል። የየመኖቹ ዓሣ ተሰንጥቆ፣ በቅመም ተቀብቶ በምድጃው ግድግዳ ሲጠበስ ከዚህ ከተማ ምግብ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ፤ አብሮት የሚመጣውን ያንን ሰፊ ቂጣ ለጎረቤታችሁ ስጡና ዓሣውን በሩዝ ብሉ። ስኩዴህካሪስ፣ ሩዙና የበግ ሥጋው፣ ችግር የለበትም። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሳን ግሉተን የሚል ብስኩትና ፓስታ አለ። በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ግሉተን ያለው ብቻ ነው እንዲህ ሊባል የሚችለው፤ በዚህ በኩል ይታመናል። ግን ዋጋው ራስ ያዞራል፤ አብዛኛው ስታርችና ስኳር ነው። ጤፍ፣ ሽሮና ዓሣ ባለበት ቤት ለልጅ ልደት ካልሆነ አያስፈልግም።

ሴሊያክ የለባችሁም የተባላችሁት፣ ዳቦ ግን የሚያስቸግራችሁ፣ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አትሸከሙ። ምጣድ አትለዩ፤ ዘይት አትጠይቁ። ዳቦውንም ሽንኩርቱንም ለሦስት አራት ሳምንት ቀንሱና አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የሚያስቸግረውን ለዩት። ብዙ ሰው በትንሽ ልክ ሲበላው ምንም እንደማይሆን ያገኘዋል። ረጅም ጊዜ ቦክቶ የኮመጠጠ ዳቦ ፍሩክታኑ ስለሚቀንስ ከችኩል ባጌት ይልቅ የሚስማማው ሰው አለ።

የማኅበራዊው ነገር ይከብዳል። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጉርሻ አፍ ድረስ መጥቶ ‹‹በሞቴ!›› ሲባል ‹‹ስንዴ አለበት ወይ›› ማለት ኩራት ይመስላል። እኔ የምመክረው ቀደም ብሎ ለባለቤቲቱ ብቻ መንገር ነው፤ በማዕዱ መሀል ሳይሆን ከድግሱ በፊት። የኛ እናቶች ለታመመ ሰው ለይቶ ማብሰል ይችሉበታል፤ የሚከፋቸው ሳይነግሯቸው ሲመለስባቸው ነው። ስለ ቅዱስ ቁርባን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ኅብስቱ የስንዴ ነው፤ በሽታው በምርመራ የተረጋገጠ ምእመን ወረቀቱን ይዞ ለንስሐ አባቱ ያስረዳ እንጂ በራሱ ከመቅረብ አይቅር። የሮማ ካቶሊኮችም ይህ ጥያቄ ገጥሟቸው፣ ግሉተኑ እጅግ የቀነሰ የስንዴ ኅብስት ፈቅደዋል፤ ጨርሶ የሌለበትን ግን አልተቀበሉም።

የልጆች ነገር ግን ከትልቅ ሰው የተለየ ነው። እናት ራሷ ዳቦ ስለተወች ልጇንም አታስተወው። ክብደቱ ካልጨመረ፣ ቁመቱ ከቆመ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ የእድገት ካርዱን ይዛ እየበላ ሳለ ታስመርምረው። አንድ ሰው ሴሊያክ እንዳለበት ከተረጋገጠ ደግሞ ነገሩ በእሱ አያበቃም። ከእናት፣ ከአባት፣ ከወንድም፣ ከእህትና ከልጆቹ መሀል፣ ምንም ባይሰማቸውም እንኳ፣ ከ100 ሰው ከ7 እስከ 10 የሚሆኑት በሽታው ይገኝባቸዋል። ይህ ማለት እዚህ ካርቲየ 5 ውጤቱን የተቀበለ ሰው ደሴ ላለች እህቱ፣ ድሬዳዋ ላለው ወንድሙ መደወል አለበት። የምርመራውን ስም በወረቀት ጽፌ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ በአማርኛም በፈረንሳይኛም አለ፣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው። ጥያቄ ያላችሁ ከኋላ ወንበር እንጀምር።